የታሸገችው ኮምፒውተር

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ እሱም ልጆቹም ዛሬ በሕይወት አሉ። እኔ ቀድሞ ባገለገልኩባት አንዲት የወረዳ ከተማ፣ ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ በቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ ማመልከቻና አቤቱታ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነው።

ይህ ሰው ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። የግምጃ ቤት ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ሥራ ሲያበቃ በሩን ይቆልፋል። ቁልፉ ላይ ወረቀት ይለጥፋል። ወረቀቱ ላይ ይፈርማል፣ ፊርማው ላይ ማኅተም ይመታል። በማግስቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው በሩን አይደለም፤ ወረቀቱን ነው። ተቀዷል? አልተቀደደም? ሠላሳ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ያስረክባል እንጂ ዓይኑን አያስረክብም።

ቤቱም እንደዚያው ነበር። የስኳሩ ጣሳ ላይ ወረቀት። የልብስ ሣጥኑ ላይ ወረቀት። ባለቤቱ ወይዘሮ አሰገደች፣ "እኔንም ግንባሬ ላይ ለጥፍብኝና ልረፍ" ትለው ነበር። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ስም አወጣለት፤ "አቶ ታሽጓል" አሉት። ሲያልፍ ይስቃሉ። እሱ አይስቅም። "ሳቁ፤ የሚገባው ለተሰረቀ ሰው ብቻ ነው" ይላል።

እውነትም ተሰርቆ ያውቃል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በሰውየው እንዳትስቁበት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የጥገና ሰው ከኮምፒውተሩ ውስጥ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ከቶበት ከከተማው ጠፍቷል። ነገሩ ተረጋግጧል። እንግዲህ የዚህ ሰው ጥርጣሬ ከሜዳ አልመጣም፤ ከቁስል ነው የበቀለው። የእናንተስ ጥርጣሬ ከየት በቀለ? እሱን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሰውየው የሚጽፍባት ኮምፒውተር ትንሽዬ ናት። ከስክሪኑ ሥር ትቀመጣለች፤ በቁመቷም በስፋቷም ከወፍራም መዝገብ አትበልጥም። በዚህችው ኮምፒውተር የስንቱን የመሬት ክርክር፣ የስንቷን የቀለብ አቤቱታ ጽፎባታል። እሷም እንደሱ አረጀች። ሲያበራት ለመነሣት የምታስበው ነገር ያለ ይመስላል። አንድ ፊደል ሲጫን ፊደሉ ቆይቶ ይመጣል። አንድ ቀን ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጠብቆ ጠብቆ፣ "ጋሼ፣ ይቺ ነገር ጾም ላይ ናት እንዴ?" አለው።

ያኔ ነው ወደ መርዕድ የሄደው።

መርዕድ አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ ኮምፒውተር የሚጠግን ወጣት ነው። ከተማዋ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ዘመድ የለውም። ዋስ የሚሆነው የአገር ሰው የለውም። ያለው እጁና ስሙ ብቻ ነው። አብርቶ አያት፣ ጠበቃት፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግዎትም። ሜሞሪዋ ትንሽ ነው፤ ሃርድ ዲስኳም አርጅቷል። ሜሞሪ እንጨምርላት፣ ዲስኳንም በአዲሱ ዓይነት እንቀይረው። ከዚያ ትበራለች።"

"ትበራለች? ወዴት?" አለ ሰውየው።

ትስቃላችሁ። እሱ ግን አልቀለደም።

"በል እንግዲህ" አለና በርጩማውን ስቦ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፤ "እዚሁ ዓይኔ ሥር ነው የምትሠራው።"

መርዕድ አዲሶቹን ዕቃዎች አወጣ። ሰውየው መነጽሩን አድርጎ እላያቸው ላይ ያሉትን ደቃቃ ቁጥሮች አንድ በአንድ በወረቀት ገለበጠ። ከኪሱ ማኅተሙን አወጣ። እፍ ብሎ መታበት። "ፈርም" አለው። መርዕድ ፈረመ። በአሮጌው ዲስክ ላይ ያሉት ጽሑፎች ወደ አዲሱ እስኪገለበጡ ድረስ ሰውየው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ጠበቀ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በዓይኑ ሥር ነው።

ከዚያ ግን መርዕድ ኮምፒውተሯንና አዲሶቹን ዕቃዎች አቅፎ ተነሣ፤ በጓሮ በር ሊወጣ።

"የት ነው?"

"ጓሮ ጋሼ። አሁን እመለሳለሁ። እርስዎ አይምጡ፤ ልብስዎ ይበላሻል።"

በሩም ተዘጋ።

እስኪ እናንተ ብትሆኑ? እውነቱን ተናገሩ። አንድ ጊዜ ተሰርቃችኋል። የማታውቁት ልጅ ዕቃችሁን ይዞ በጓሮ በር ወጣ፤ አትምጡ አለ። ከበሩ ማዶ የሆነ ነገር ሲጮህ ተሰማ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ደቂቃው ረዘመ። እናንተ ብትሆኑ አትጠረጥሩም? እኔ እጠረጥር ነበር። መጠርጠሩ አይደለም ነገሩ። ሰውየው ተነሥቶ በሩን መክፈት ይችል ነበር። "ልጄ፣ ምን እየሠራህ ነው?" ማለት ይችል ነበር። አልጠየቀም። ተቀምጦ በልቡ መዝገብ ከፈተ፤ "ጓሮ ወሰዳት" ብሎ ጻፈ።

መርዕድ ፀጉሩ ላይ አቧራ ይዞ ተመለሰ። ኮምፒውተሯ ተዘግታ፣ ተጠርጋ መጣች። አሮጌውን ዲስክ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠው፤ "ለክፉ ቀን ያስቀምጡት" አለው። ከዚያ አበራት። ቁልፉን ነካ ሳያደርገው ተነሣች ማለት ይቻላል። ፊደሉ ከጣቱ ጋር እኩል መጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። ይህ ሰው ምን አለ መሰላችሁ? "በጣም ፈጠነች" አለ። "ለምን ይሄን ያህል ፈጠነች?"

ወደ ክፍሉ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ዙሪያዋን ዞረ። አሁን ውስጧ የሚሰረቅ ነገር አለ። ስለዚህ ወረቀት በቁመቱ ቆራረጠ፣ ሙጫ አወጣ። ክዳኗ የሚገጥምበትን አሸገ። ብሎኖቿን አሸገ። ጎኗንም ጀርባዋንም፣ ስንጥቅና ቀዳዳ የተባለውን ሁሉ፣ ብሎን መፍቻ ይገባበታል ብሎ የሚያስበውን ሁሉ አሸገ። በእያንዳንዱ ላይ ፈረመ። በእያንዳንዱ ፊርማ ላይ ሐምራዊ ማኅተም መታ። ወይዘሮ አሰገደች ምሳ ይዛ ስትመጣ አየቻትና፣ "ይቺ ደግሞ በምን ጥፋቷ ታሸገች?" አለች።

"አንቺ ዝም በይ። አሁን የሚነካት ይታወቃል።"

በማግስቱ ኮምፒውተሯ ጠዋት ሲያበራት በረረች። አንደኛውን አቤቱታ ጻፈ፣ ሁለተኛውን ጻፈ። ሦስተኛው ላይ መጎተት ጀመረች። አራተኛው ላይ ድርግም ብላ ጠፋች። ያልተቀመጠ ጽሑፍ ይዛ ጠፋች። አሳረፋት፤ ተነሣች። ጥቂት ሠራች፤ እንደገና ጠፋች። ከመታደሷ በፊት ቀርፋፋ ነበረች እንጂ እንዲህ ሞታበት አታውቅም።

ሰውየው ወደ ኋላው ተደገፈ። እመኑኝ፣ አላዘነም። የጠበቀው ነገር የመጣለት ሰው ፊት ታውቃላችሁ? እሱን ነበር የሚመስለው።

"ጓሮ" አለ።

አያችሁ፣ ጥርጣሬ ጥሩ ጠበቃ ነው። ማስረጃ አያጣም። በሱቁ ፈጣን፣ በቤቴ ቀርፋፋ፤ እንግዲያ ያሳየኝና የሰጠኝ ለየቅል ነው። ጠዋት ደህና፣ ቆይታ ድካም፤ እንግዲያ የከተተው የደከመ ዕቃ ነው። ሁሉም ገጠመ። ምንም ቀዳዳ የለውም። ቀዳዳ የሌለው ነገር ደግሞ ምን እንደሚሆን በኋላ ታያላችሁ።

መርዕድ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ሰውየው ነጠላውን ኮምፒውተሯ ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ ጠፋች ሲሉ ሰማሁ። ልየት።"

"በምን ልታያት?"

"ከፍቼ ነዋ።"

"ማኅተሙ አይቀደድም! ማኅተሙ ማስረጃዬ ነው።"

"የምን ማኅተም? ሳልከፍት እንዴት አውቃለሁ ጋሼ?"

"በፊትስ ስትከፍት አይደለም ጉድ የሠራኸኝ?"

መርዕድ ቀስ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ጓሮ ምን እንደሠራሁ ይጠይቁኝ" አለ።

"ምን ብዬ እጠይቅሃለሁ? አውቀዋለሁ።"

ይህችን ቃል አስተውሉልኝ። "አውቀዋለሁ" ነው ያለው። ያላየውን ነገር አውቀዋለሁ አለ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። በዚያው ሰሞን የከተማዋ ትምህርት ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሊያሳድስ አስቦ ነበር። ሥራውን ለመርዕድ ሊሰጡት ተስማምተዋል። ይህ ሥራ ለመርዕድ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? በእንግዳ ከተማ ሥር መስደድ ማለት ነው። እናቱን ከአገር ቤት አምጥቶ አብሯት መኖር ማለት ነው። ለሱቁ ጎረቤቶች እንደዚያ ብሏቸው ነበር።

ርዕሰ መምህሩ ለመርዕድ የሚሰጠውን ደብዳቤ በእጁ ጽፎ፣ እንዲታተምለት ወደ ማን መጣ? ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ። ወደ አቶ ታሽጓል።

ሰውየው የእጅ ጽሑፉን አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

"ይሄ ልጅ ነው?"

"አዎ። ታውቀዋለህ?"

"እኔ ምንም አልልም።"

"ምን ማለት ነው?"

"የሰው ስም አላነሣም። እንዲያው…" አለና ነጠላውን ገለጥ አድርጎ የታሸገችውን ኮምፒውተር አሳየው። "እንዲያው ሥራው ይቻትልህ። በቀን አራት ጊዜ ትሞታለች።"

ርዕሰ መምህሩ ማኅተሞቹን አየ። ብዙ ማኅተም ያለበት ነገር እውነት ይመስላል። የእጅ ጽሑፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣና አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ "ቆይ እስኪ፣ እናስብበት" ብሎ ወጣ።

"እኔ ምንም አልልም።" ስንቶቻችን ነን ምንም ሳንል ሰው የገደልን?

ወሬው ከዚያ በኋላ የሚያስኬደው አላስፈለገውም፤ በራሱ ሄደ። አንዱ ቀጠሮውን ሰረዘ። አንዷ ሊጠገን የሰጠችውን ሳይጠገን መልሳ ወሰደች። የሱቁ ባለቤት እንኳ ሲያልፍ ሰላምታው ቀዘቀዘ። እኔም ልንገራችሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ኮምፒውተር ያን ጊዜ ተበላሽታ ነበር። አውቶቡስ ተራው ድረስ መራመድ እየቻልኩ በመኪና ወደ ሌላ ከተማ የላክኋት እኔ ነኝ። ለምን ተብዬ ብጠየቅ፣ "ለጥንቃቄ ነው" እል ነበር። ማንም አልጠየቀኝም።

በመጨረሻ መርዕድ ራሱ ሽማግሌ ላከ። "የምከሰስም ከሆነ በፊታችሁ ትከፈትና ልከሰስ" አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሆኜ ሄድኩ። የገባሁት፣ ዛሬ ልሸሽገው አልችልም፣ ልጁ እንዴት እንደሚዋረድ አስቀድሜ እያሰብኩ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሰውየው፣ "ስትሞት በዓይናችሁ እንድታዩ ነው" ብሎ ቀድሞ አብርቷት ነበር። እኛ እያየን ጠፋች። "አያችሁ?" አለ፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር።

የሽማግሌዎቹ ታላቅ አቶ ገብረየስ፣ "ማኅተሙ ይቀደድ" አሉ።

"እኔ ራሴ እቀደዋለሁ" አለ ሰውየው። የክዳኑንና የብሎኖቹን ወረቀቶች አንድ በአንድ፣ እየቆጠረ፣ ያልተነኩ መሆናቸውን እያሳየን ቀደደ። መርዕድ ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑ ሲነሣ ሙቀቱ ፊታችንን መታን፤ እጄን ቀረብ ባደርግ እንደ ካውያ ተሰማኝ። ሰውየው ያንን በገዛ እጁ የጻፈውን ወረቀት ዘረጋ። አቶ ገብረየስ በባትሪ እያበሩ ቁጥሩን ከዕቃው ላይ ጮክ ብለው አነበቡ። ሰውየው ከወረቀቱ ላይ ተከታተለ።

የሜሞሪው ቁጥር አንድ ነው።

የዲስኩ ቁጥር አንድ ነው።

"ይደገም" አለ ሰውየው። ተደገመ። አንድ ነው።

ሰውየው ወረቀቱን አገላበጠው፤ ከጀርባው ሌላ ቁጥር የሚያገኝ ይመስል።

"እንግዲያ ለምን ትሞታለች?" አለ። ድምፁ አንሶ ነበር።

መርዕድ መልስ ከመስጠቱ በፊት ኮምፒውተሯን አዞራት። ጎኗ ላይ ያለውን፣ ሰውየው ሳይቀደው የቀረውን ወረቀት በጥፍሩ ያዘ። ቀደደው። ከሥሩ ቀጫጭን ስንጥቆች ታዩ። የጀርባውንም ቀደደ።

"ጋሼ፣ በዚህ አየር ትስባለች፤ በዚያ ትተፋለች። አፍና አፍንጫዋን አሽገው ሩጪ አሏት። ስትግል እንዳትቃጠል መጀመሪያ ትዘገያለች፤ አልሆን ሲላት ትጠፋለች።"

ከደናትና አበራናት። ጠበቅን። አቶ ገብረየስ መዳፋቸውን ከጀርባዋ አደረጉ። "ትተነፍሳለች" አሉ። ያን ቀን አልሞተችም። ከዚያም በኋላ አልሞተችም።

ስንወጣ ሰውየው በሩ ላይ መርዕድን አስቆመው። ገና ያኔ፣ ያን ሁሉ ካደረገ በኋላ፣ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባውን ጠየቀው።

"ልጄ፣ ጓሮ ምን ነበር የሠራኸው?"

"አቧራዋን በአየር መንፊያ እያስወጣሁ ነበር ጋሼ። እነዚያ ስንጥቆች በዓመታት አቧራ ተደፍነው ነበር። እነሱን ነው የከፈትኩት።"

ሰማችሁ? በተዘጋው በር ጀርባ ያ ልጅ የሠራው "ወንጀል" ይህ ነበር፤ መተንፈሻዋን ከፈተላት። ሰውየው ወስዶ መልሶ ዘጋው። ከዚያም ለሞቷ የከፈተውን ከሰሰ።

ሰውየው መጥፎ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ቆመ። "ተሳስቻለሁ" አለ። ርዕሰ መምህሩ አዘነ፤ ሥራው ግን ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ተፈርሞ ነበር። ከዚያ ሰውየው ወደ ክፍሉ ተመለሰና በዚያችው ኮምፒውተር አንድ ወረቀት ጻፈ። መርዕድ ታማኝ ባለሙያ መሆኑን፣ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማኅተም መታበት። ወስዶ የመርዕድ ሱቅ መስታወት ላይ ለጠፈው።

መርዕድ አልተቆጣም። ወረቀቱን አንብቦ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" አለ። ቀጥሎ፣ "ከማሽኗ ላይ የለጠፉትን መቅደድ በደቂቃ አለቀ። በሰው ጆሮ ላይ የለጠፉትን ማን ይቀደዋል?" አለው።

ዓመት ሳይሞላ መርዕድ ሱቁን ዘግቶ ከከተማው ሄደ። በዚህ ምክንያት ነው አልልም፤ አይደለምም ለማለት አልደፍርም። ወረቀቱ ግን መስታወቱ ላይ ቀረ። ፀሐይ መታው፤ ጽሑፉ ደበዘዘ፤ ሐምራዊው ማኅተም ብቻ ቀረ። እኔ ከዚያች ከተማ የተነሣሁ ቀን አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ መንገደኛ የተዘጋውን ሱቅና የተለጠፈውን ማኅተም አይቶ ጓደኛውን፣ "ይሄን ደግሞ ምን ሠርቶ አሸጉት?" ሲል ሰማሁ።

ቆሜ ልነግረው ነበር። አውቶቡሱ መጣ።

ምእመናን፣ ሌባ የለም አላልኩም። በራችሁን ቆልፉ፤ ዕቃችሁን ጠብቁ። አንዴ የሰረቃችሁ ሰው ነበረ፤ እውነት ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁን አሁን አምጡት። ያ የሰረቃችሁ ሰው ሄዷል። ታዲያ ዛሬ ፊታችሁ የቆመው እሱ ነው? ባልሽ ስልኩን ይዞ ወደ ውጭ ሲወጣ ጠይቀሽዋል ወይስ ጽፈሽበታል? ልጅህ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ አንኳኩተህ ታውቃለህ? ያቺ የቤትሽ ሠራተኛ፣ ያ አዲሱ ጎረቤት፣ ያ ካንተ በኋላ የተቀጠረ ባልደረባ፣ ጓሮ ምን እየሠራ ነው? አታውቁም። አለመጠየቃችሁ ነው እንጂ እሱማ ጠይቁኝ ብሏችኋል።

ቤታችሁ ቀዝቅዞ ከሆነ፣ ትዳራችሁ እየተጎተተ ከሆነ፣ ሠርቶ ሠርቶ በመሐል ድርግም የሚል ነገር ካለ፣ ሌባውን ከመፈለጋችሁ በፊት ጎኑን ዳስሱት። የማን ፊርማ ነው ያለበት? እስትንፋስን የሰጠ አምላክ ነው፤ እኛ ደግሞ በሙጫ እንደፍነዋለን፤ ስሙንም ጥንቃቄ እንለዋለን።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በልባችሁ የጻፋችሁበትን አንድ ሰው ታስታውሳላችሁ። አሁንም አስታውሳችሁታል፤ ከፊታችሁ አያለሁ። ወደ እሱ ሂዱ። ፍርድ ይዛችሁ አይደለም፤ ይቅርታም ገና አይደለም። አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። "ጓሮ ምን ነበር የሠራኸው?" በሉት፤ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።

ነገ አትበሉ። ሱቁ ሳይዘጋ ድረሱ።